የዓባይን ልጅ ፊቱን ማን ያጥበው?

ፖለቲካ ሲባል ብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታየን ቤተ መንግሥቱ፣ ምክር ቤቱና የጦር ሜዳው ነው። ዛሬ ግን ውድ አንባቢያንን ከሦስቱም አርቄ ወደ አንድ የገጠር ሕፃን ፊት ልወስዳችሁ እወዳለሁ። «የሕፃን ፊት ታጠበ አልታጠበ ከሀገር ጉዳይ ጋር ምን ያገናኘዋል?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው ታግሦ ከዘለቀ ግን፣ መንግሥት ለዜጋው ያለው ክብር ከሚለካባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ፊት መሆኑን ይስማማኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ተወልጄ ያደግሁት ደጀን አካባቢ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የተጓዘ ሁሉ ደጀንን ያውቃታል፤ ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ፣ የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ፣ በዚያ ጥምዝምዝ መንገድ ሽቅብ የወጣ መንገደኛ አፋፉ ላይ የምትቀበለው ከተማ እርሷ ናት። መንገዱ ከዚያ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ሌላው ወደ ብቸና፣ ደብረ ወርቅና ሞጣ። የዛሬው ታሪኬ ይህን ሁለተኛውን መንገድ ይዞ ይሄዳል።

ከልጅነቴ ትዝታዎች ሁሉ ደምቆ የሚታየኝ የአያቴ ወረንጦ ነው። ከአንገቷ ማተብ ጋር ታስሮ ከጆሮ መጥረጊያው ጎን ይንጠለጠል ነበር። ፀሐይ ሞቅ ሲል ከደጃፉ ትቀመጥና «ና እስቲ ልጄ፣ የአንተ ዓይን ደኅና ነው፤ ይቺን የምትወጋኝን ንቀልልኝ» ትለኛለች። እኔም የዓይኗን ቆብ በአውራ ጣቴ ገለጥ አድርጌ፣ ወደ ውስጥ የታጠፈውን ሽፋሽፍት እየፈለግሁ እነቅላለሁ። በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ተመልሶ ይበቅላል፤ እኔም ተመልሼ እነቅላለሁ። ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን መንቀሉም ዋጋ አጣ፤ ብሌኗ ነጭ ለበሰ። በቤታችን ማንም «ታመመች» አላለም። «ዓይኗ ደከመ» ነበር የተባለው፤ እርጅና መስሎን ነበር። በሽታው አያቴን የያዛት በእርጅናዋ ሳይሆን እንደኔው ሕፃን ሳለች መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ፣ ከመጻሕፍት ነው።

ሁለተኛው ትዝታዬ የትምህርት ቤት ሰልፍ ነው። ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለና መዝሙር ከተዘመረ በኋላ የንጽሕና ምርመራ ነበር። መምህሩ አለንጋውን ይዞ በየሰልፉ መካከል ያልፋል፤ ጥፍር፣ ጸጉርና ፊት ይታያል። ዝንብ የከበበው፣ ዓይናር የደረቀበት ልጅ ከሰልፍ ይወጣና «ታጥበህ ና!» ተብሎ ይባረራል። የት ይታጠብ? በግቢው ውስጥ ውኃ አልነበረም። ወንዙ ደርሶ መልስ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ የተባረረው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ይቀራል። ይህን የምናውቅ ልጆች ዘዴ ነበረን። ደወሉ ሳይደወል አንዱ የነጠላውን ጫፍ በምራቁ ያረጥብና የራሱን ፊት ይጠርጋል፤ ከዚያ ለጎረቤቱ ያቀብለዋል፤ እርሱም ለሚቀጥለው። በአንድ ነጠላ ጫፍ አምስትና ስድስት ፊት ይጠረግ ነበር። ምርመራውን አለፍን። ይሁን እንጂ በዚያች ጫፍ ምን እንደተቀባበልን ሳስብ ዛሬም እጄን ዓይኔ ላይ አደርጋለሁ።

ይህን የምጽፈው መምህሮቻችንን ለመክሰስ አይደለም፤ እነርሱም የተማሩትን ነው ያስተማሩን። የምጽፈው፣ በልጆች መካከል የበሽታን መተላለፍ መከላከልን ልጁን ከማሳፈርና ከመቅጣት ጋር አንድ አድርገን የማየታችን ልማድ ከየት እንደመጣና ምን እንዳስከፈለን ለማሳየት ነው።

አንድ ጨርቅ፣ ብዙ ፊት

በሽታው ትራኮማ ይባላል፤ መንስኤው ክላሚዲያ ትራኮማቲስ የተሰኘ ባክቴሪያ ነው። ከታመመ ሕፃን ዓይንና አፍንጫ የሚወጣው ፈሳሽ በጣት፣ በጨርቅና በዝንብ ወደ ሌላው ይሸጋገራል። ዋነኛዋ አስተላላፊ ዝንብ ደግሞ የምትራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ላይ ነው። አንድ ጊዜ መያዝ ብቻውን አያሳውርም፤ የሚያሳውረው መደጋገሙ ነው። በልጅነት ደጋግሞ የተለከፈ ሰው የዓይኑ ቆብ የውስጥ ገጽ ይጠባሰሳል፤ ጠባሳው ቆቡን ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ የታጠፈው ሽፋሽፍት በእያንዳንዱ ርግብታ ብሌኑን ይፍቃል። የአያቴ ወረንጦ ይዋጋ የነበረው ከዚህ የመጨረሻ ምዕራፍ ጋር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሴቶች በትራኮማ የመታወር ዕድላቸው ከወንዶች እስከ 4 እጥፍ ይደርሳል። ሕፃን የሚያቅፈው፣ የሚያዝለው፣ አፍንጫውን በቀሚሷ ጫፍ የሚጠርገው ማን እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ምክንያቱ ግልጽ ነው።

ይህ «የአፍሪካ በሽታ» አልነበረም። የናፖሊዮን ጦር እ.ኤ.አ. በ1798 ግብፅን ከወረረ በኋላ የፈረንሳይም የእንግሊዝም ወታደሮች የዓይን በሽታ ይዘው ወደየሀገራቸው ተመለሱ፤ አውሮፓም ተጥለቀለቀች። ለንደን ውስጥ እስከ ዛሬ ስመ ጥር የሆነው የሙርፊልድስ የዓይን ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1805 የተመሠረተው በዚያ ድንጋጤ ዘመን ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለንደን አካባቢ የድሆች ልጆች ታጉረው በሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች የዓይን በሽታ መቶዎችን በአንድ ጊዜ ይይዝ ነበር። ጉዳዩን የመረመሩት ሐኪሞች ከጠቆሟቸው ምክንያቶች አንዱ ልጆቹ በጋራ የሚታጠቡበት ገንዳና የሚጋሩት ፎጣ ነበር። ይህን ሳነብ የእኛ ሰልፍ፣ ያቺ የነጠላ ጫፍ ትዝ አለችኝ። አሜሪካም እ.ኤ.አ. ከ1897 ጀምሮ ትራኮማን ከአደገኛ ተላላፊ በሽታዎች መድባ፣ በኤሊስ ደሴት በኩል የሚገባውን ስደተኛ የዓይኑን ቆብ እየገለበጠች ትመረምር፣ የተገኘበትንም በመጣበት መርከብ ትመልስ ነበር።

ልብ በሉ፤ ባክቴሪያው በቤተ ሙከራ ተለይቶ እንዲያድግ የተደረገው ቻይናዊው ተመራማሪ ታንግ ፌይፋን በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ባካሄደው ሥራ ነው። ምዕራብ አውሮፓ ግን በዚያን ጊዜ ከበሽታው በአብዛኛው ተላቅቃ ነበር። ያላቀቃት የቧንቧ ውኃ፣ የቆሻሻ ማስወገጃ መስመር፣ ያልተጨናነቀ መኖሪያና ለየልጁ የተሰጠ ፎጣ ነው። መከላከል ከሕክምና ቀደመ ማለት ነው። የእኛ አባቶችስ «ታሞ ከመማቀቅ፣ አስቀድሞ መጠንቀቅ» ብለው የለ?

እኛም ብንሆን ስለ መከላከል ምንም የማናውቅ ሕዝብ አልነበርንም። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ ማቃጠል ልማድ ሆኖ እስከ ዛሬ ዘልቋል፤ ያን ጢስ የሚያነደው አብዛኛውን ጊዜ ልጅ ነው። በ1945 ዓ.ም. ደንቢያን የወባ ወረርሽኝ ከመታ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የንጽሕና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ጀመረ፤ ዓላማው በሽተኛ ከመጠበቅ ይልቅ ወደ መንደር ወርዶ በሽታን መከላከል ነበር። ሐሳቡ ነበረን። የጎደለው ሐሳቡን በየትምህርት ቤቱ ደጃፍ የሚያደርስ ውኃና በጀት ነው።

ጉድለቱ በቁጥር የተገለጠው ዘግይቶ ነው። በ1998 ዓ.ም. በሀገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው የዓይነ ስውርነትና የትራኮማ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ የኢትዮጵያ ሕፃናት መካከል 40 ከመቶ ያህሉ የነቃ ትራኮማ እንዳለባቸው አሳየ። በአማራ ክልል ቁጥሩ 62.6 ከመቶ ነበር። ከሦስት ልጆች ሁለቱ ለማለት ምን ቀረው? በዓለም ላይ ከታወቁት እጅግ ከባዶቹ የትራኮማ ሥፍራዎች አንዱ የእኛው ደጅ ነበር።

ከሞጣ እስከ ጎንቻ

አሁን የብቸናንና የሞጣን መንገድ እንያዝ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የአማራ ክልል ጤና ቢሮ ከካርተር ማዕከልና ከላየንስ ክለቦች ጋር በመሆን የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረውን አራት ክንፍ ያለው ስልት ሥራ ላይ ማዋል ጀመረ፤ የታጠፈን ቆብ በቀዶ ሕክምና ማቅናት፣ አንቲባዮቲክ ማደል፣ ፊትን መታጠብና አካባቢን ማጽዳት። እ.ኤ.አ. በ2004 ሞጣ ከተማ ባለችበት በሁለት እጁ እነሴ ወረዳ አንድ ያልተጠበቀ ነገር ታየ። በዚያ አንድ ዓመት ገበሬው በገዛ ጉልበቱና በአካባቢው በሚገኝ ዕንጨትና ጭቃ ከ20,000 በላይ የቤተሰብ ሽንት ቤት ቆፈረ። ባለሙያዎች ዝንብን ለመቀነስ ያሰቡት ዘመቻ ይህን ያህል የተቀጣጠለው በዝንብ ፍራቻ ብቻ አልነበረም። የገጠር ሴት ቀኑን ሙሉ ሆዷን ይዛ ጨለማን የምትጠብቅ፣ ለወጉ ስትል በገዛ ሰውነቷ ላይ እስረኛ የሆነች ፍጡር ነበረች። ሽንት ቤቱ ለእርሷ ከጤና በፊት ክብር ነበር። ሕዝቡ ጥቅሙን ባየው ነገር ላይ ትእዛዝ አይጠብቅም።

ከሞጣ ወጣ ብሎ፣ ግንደ ወይን ከተማ ባለችበት በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ደግሞ ሌላ ታሪክ ተሠራ። በ1998 ዓ.ም. የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከካርተር ማዕከልና ከክልሉ ጤና ቢሮ ጋር ሆነው 72 ንዑስ ቀበሌዎችን በዕጣ በመመደብ አንድ ትልቅ ሙከራ ጀመሩ። መድኃኒቱ አዚትሮማይሲን ነው፤ ልጅ በሚዛን ሳይሆን በቁመት መለኪያ ዘንግ እየተለካ በአፉ የሚወስደው። በአንደኛው ምድብ ውስጥ በነበሩ 12 ንዑስ ቀበሌዎች መድኃኒቱ በየሦስት ወሩ ለልጆች ብቻ፣ ማለትም ዕድሜያቸው 10 ዓመት ለሆነና ከዚያ በታች ለሆኑት ታደለ፤ ታላላቆቻቸውና ወላጆቻቸው አልወሰዱም። ጥያቄው ቀላል፣ መልሱ ግን ያልታወቀ ነበር። ልጆቹ ቢድኑ ትልልቆቹስ ምን ይሆናሉ?

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታተመ። በአንድ ዓመት ውስጥ በልጆቹ ላይ የነበረው ልክፈት ከ48.4 ከመቶ ወደ 3.6 ከመቶ ወረደ። ይህ የመድኃኒቱ ኃይል ነው እንበል። እኔን ያስደነቀኝ ቀጣዩ ቁጥር ነው፤ አንዲት ጠብታ መድኃኒት ባልቀመሱት ከ11 ዓመት በላይ በሆኑት ላይ የነበረው ልክፈት ከ15.5 ከመቶ ወደ 8.2 ከመቶ፣ በግማሽ ያህል ቀነሰ። ልጆቹ ሲጠበቁ እናቶቻቸውና አያቶቻቸው ሳይታከሙ ተጠበቁ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የምንለውን ብሂል የምሥራቅ ጎጃም ልጆች በሳይንስ አስመሰከሩት። የበሽታው ማደሪያ ልጅ ከሆነ የመከላከያው በርም ልጅ ነው ማለት ነው።

ከዚህ የሚከብድ ነገርም ተገኘ። ተመራማሪዎቹ በዚያ ዓመት የሞቱትን ሕፃናት ሲቆጥሩ፣ መድኃኒቱ ባልታደለባቸው ንዑስ ቀበሌዎች ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑት መካከል በ1,000 ሕፃናት በዓመት 8.3 ሲሞቱ፣ በታደለባቸው ግን 4.1 ብቻ መሆኑን አዩ። ለዓይን የተሰጠ መድኃኒት ነፍስ አዳነ ማለት ነው፤ ምናልባት የሳንባ ምችን፣ ተቅማጥንና ሌሎች የሕፃናት ገዳዮችን ስለሚመታ። ይህ ከጎንቻ የተነሣ ጥያቄ በኒጀር፣ በማላዊና በታንዛኒያ በተካሄደ ሰፊ ሙከራ ተፈተሸና እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ ተነገረ፤ የሕፃናት ሞት በ13.5 ከመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኘ።

እዚህ ላይ እንደ ምሁርም እንደ ጎጃሜም ዝም ብዬ ማለፍ የማልችለው ነገር አለ። የማነጻጸሪያዎቹ ንዑስ ቀበሌዎች ሕፃናት መድኃኒቱን የሚያገኙት ዓመቱ ሲያልቅ ነበር። ተመራማሪዎቹ መድኃኒቱ ሞትን እንደሚቀንስ አስቀድመው አያውቁም ነበር፤ ስለዚህ ልንወቅሳቸው አንችልም፤ ዓመቱ ሲሞላም ለነዚያ መንደሮች ታድሏል። ነገር ግን ሳይንስ የሚቆጥራቸው ቁጥሮች ስም የነበራቸው ልጆች ናቸው። የዓለም ሕክምና ከእነዚያ መንደሮች ትልቅ ዕውቀት ወስዷል። ዕውቀቱ በእንግሊዝኛ መጽሔት ታትሞ ሲያበቃ ለጎንቻ ገበሬ፣ ለልጁም መምህር በአማርኛ ማን ነገረው? እኔ ራሴ በዩኒቨርሲቲ ስንት ዓመት ካስተማርኩ በኋላ ነው በተወለድኩበት ዞን የተደረገውን ያነበብኩት። ይህ የእነርሱ ጥፋት ብቻ ሳይሆን የእኛም፣ የተማርነው፣ ጥፋት ነው።

መድኃኒቱ ሲቆም

በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2008) በአማራ ክልል የወባና የትራኮማ ሳምንት ተጀመረ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሚሊዮኖች ከፋይዘር ኩባንያ በስጦታ የተገኘውን መድኃኒት ዋጡ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ዘንጋቸውን ይዘው በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ በየትምህርት ቤቱ ዋርካ ሥር ልጅ ሲለኩ የተመለከተ ሰው ያን ሥራ አይረሳውም። በሽታውም በእጅጉ ቀነሰ። አልጠፋም እንጂ። በሽታው የሕዝብ ጤና ችግር መሆኑ ቀርቷል የሚባለው በልጆች ላይ ያለው ምልክት ከ5 ከመቶ በታች ሲወርድ ነው። ከአሥር ዓመት በላይ መድኃኒት ታድሎም ከዚህ መስመር በታች ያልወረዱ ወረዳዎች በክልሉ ብዙ ናቸው። በሌላ በኩል ሞሮኮ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ጋና በ2018፣ ማላዊ በ2022 ከትራኮማ ነፃ መሆናቸው በዓለም ጤና ድርጅት ተመስክሮላቸዋል።

ስለምን? ጎንቻ ይህንንም አስቀድማ ነግራናለች። ሙከራው ቀጥሎ ለዓመታት ሕክምና ያገኙ አንዳንድ ንዑስ ቀበሌዎች መድኃኒቱ እንዲቆምላቸው ሲደረግ ልክፈቱ ተመልሶ መጨመር ጀመረ። ባክቴሪያው የሄደበትን መንገድ አልረሳም፤ ጨርቁ አንድ፣ ዝንቡ ብዙ፣ ውኃው ሩቅ ነውና።

«እንግዲያውስ ውኃ ይቆፈር!» እንል ይሆናል። እዚህም ላይ ታሪክ ቅንነትን ይጠይቀናል። በዋግ ኽምራ በ40 ቦታዎች በተደረገና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመ ሙከራ፣ ውኃ፣ ሽንት ቤትና የንጽሕና ትምህርት በአንድ ላይ ቀርበው በሦስት ዓመት ውስጥ ልክፈቱን በሚታይ መጠን አልቀነሱትም። ይህን የሚሰውር ሰው አንባቢን ያታልላል። እኔ የምረዳው እንዲህ ነው። አውሮፓ ትራኮማን ያሰናበተችው በሦስት ዓመት ፕሮጀክት አልነበረም፤ በሁለትና በሦስት ትውልድ የኑሮ ለውጥ ነው። መድኃኒቱ ቶሎ ይሠራል፣ ግን አይቆይም፤ ውኃው ይቆያል፣ ግን ቶሎ አይሠራም። ሁለቱን ሳያቋርጥ ለረጅም ዘመን የሚያገናኝ ቋሚ ተቋም ያስፈልጋል። ያ ተቋም በየገጠሩ አለ፤ ስሙም ትምህርት ቤት ነው።

እንዴት ለሚል አንድ ነገር ላስረዳ። ትራኮማ ከሁሉ የሚበረታው በትምህርት ቤት ልጆች ላይ ሳይሆን ገና ትምህርት ቤት ባልገቡት ታናናሾቻቸው ላይ ነው። ታዲያ ታናሹን ማን ያዝላል? የአራተኛና የአምስተኛ ክፍል ተማሪዋ እኅቱ! ጠዋት ፊደል ትቆጥራለች፤ ከሰዓት በኋላ አንቀልባ ታስራለች። ፊት መታጠብን ጠዋት በግቢዋ ውኃ ከተለማመደች ከሰዓት በኋላ የታናሿን ፊት ታጥባለች፤ ከዚያም አልፎ የነገ እናት እርሷ ናት። ይህችን ልጅ «ቆሽሸሻል» ብሎ ከሰልፍ ማባረር እንግዲህ በሽታውን ወደሚራባበት ቤት መልሶ መላክ፣ መድኃኒቱን ከሚያደርሰው እጅ መቁረጥ ነው። የእኛ ዘመን ምርመራ ስሕተቱ ይህ ነበር።

ትምህርት ቤት ለዚህ ዓይነት ሥራ መዋል መቻሉም ተፈትኖ ታይቷል። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የሆድ ትላትልና የቢልሃርዚያ መድኃኒት በሀገር አቀፍ ደረጃ በትምህርት ቤቶች ሲታደል ቆይቷል፤ በ2011 ዓ.ም. የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ሲጀምር ዋናው ሥፍራ ትምህርት ቤት ነበር። ልጆችን በአንድ ሥፍራ፣ በስም ዝርዝር፣ በሚያምኑት መምህር ፊት ማግኘት የሚቻልበት ሌላ ቦታ በገጠር የለም።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ

አሁን ወደ ፖለቲካው ተመለስን፤ ምናልባትም ከመጀመሪያው አልተለየነውም ነበር። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የሀገሪቱ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። ያ መዘጋት በሽታን ለመከላከል ነበርና ምክንያት ነበረው። ከዚያ ጥቂት ሳይቆይ የሰሜኑ ጦርነት መጣ፤ በአማራ ክልል በሺህ የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ተጎዱ፣ የተፈናቀሉ ሰዎችም በመማሪያ ክፍሎች ተጠለሉ። በ2015 ዓ.ም. መገባደጃ የተቀሰቀሰው ግጭት ደግሞ ሚሊዮኖች ልጆችን ከክፍል አስወጣ፤ ምሥራቅ ጎጃምም ከዚህ አልተረፈም። የመድኃኒት እደላው በየጊዜው ተሰናከለ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መንገድ ተዘጋባት።

የትምህርት ቤት መዘጋት ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የምንቆጥረው የባከነውን የትምህርት ዘመን ነው። እርሱ ራሱ ከባድ ነው፤ ነገር ግን የማይቆጠር ሌላ ኪሳራ አለ። ክትባቷን ያላገኘች የ14 ዓመት ልጅ፣ ፊት መታጠብን ያልተለማመደች ታላቅ እኅት፣ በመድኃኒት እጦት ተመልሶ የሚለከፍ የሦስት ዓመት ታናሽ። የዛሬው ልክፈት ዛሬ አያሳውርም። ሂሳቡን የሚያወራርደው ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላ ነው፤ ያኔ የዛሬው ጦርነት ምክንያቱ ሳይቀር ይረሳል፣ አንዲት አሮጊት ግን ከደጃፍ ተቀምጣ የልጅ ልጇን «ና እስቲ ንቀልልኝ» ትላለች።

«በጦርነት መካከል ምን ይደረጋል?» የሚል ካለ ኤል ሳልቫዶርን ላስታውሰው። እ.ኤ.አ. በ1985 የእርስ በርስ ጦርነቱ እንደበረታ መንግሥትና ሽምቅ ተዋጊዎች በቤተ ክርስቲያንና በዩኒሴፍ አማላጅነት ለሦስት ቀናት፣ በሦስት የተለያዩ እሑዶች ተኩስ አቁመው ሕፃናት እንዲከተቡ አደረጉ። አልታረቁም፤ ጦርነቱ ገና ዓመታት ነበረው። በአንድ ነገር ላይ ብቻ ተስማሙ፤ የልጅ በሽታ ወገን የለውም። ሽምግልናን የሚያውቅ የጎጃም ሰው፣ ለታቦት ብሎ ጠቡን የሚያሳድር ሕዝብ፣ ይህን ማድረግ ያቅተዋል? መሣሪያ የያዘ ሁሉ፣ በየትኛውም ወገን ይቁም፣ ትምህርት ቤትን ካምፕ ባያደርግና የመድኃኒት ቀንን ቢያከብር ምን ይጎድልበታል?

ከግጭቱ በኋላም ሥራ አለን። እስካሁን ትምህርት ቤት ሲከፈት የሚቆጠረው ክፍልና ወንበር ነው፤ ውኃና የሴት ልጆች መጸዳጃ «ወደፊት የሚሟላ» ተብሎ ይመዘገባል። ቅደም ተከተሉ ይቀየር። ውኃ የሌለው ግቢ ትምህርት ቤት ተብሎ ባይመረቅስ? ከጮቄ ተራራ በርካታ ወንዞች ፈልቀው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ፤ በዚያው ተራራ ግርጌ ያለ ተማሪ ግን ፊቱን የሚታጠብበት ጣሳ ውኃ ሲያጣ «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ተረት ተረት መሆኑ ቀርቶ የበጀት ሪፖርት ይሆናል። ምርመራው ይቅር አልልም፤ ይኑር። ነገር ግን ከልጁ በፊት ግቢው ይመርመር፤ ከሰልፍ መውጣት ያለበትም ውኃ ያላስገባው ባለሥልጣን ነው።

የአያቴ ወረንጦ ዛሬ እኔ ዘንድ አለ። ከማተቧ የተፈታው በተቀበረች ዕለት ነው። በጽሕፈት ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከመጻሕፍቱ መካከል አስቀምጨዋለሁ። ልጄ አንድ ቀን አንሥታ «አባዬ፣ ይሄ ምን ያደርጋል?» አለችኝ። ለጊዜው መልስ አጣሁ፤ በኋላ ግን ደስ አለኝ። አንድ ልጅ የዚያን ነገር ጥቅም ሳያውቅ ማደግ ከቻለ፣ በደጀን፣ በብቸናና በሞጣ ያሉት ልጆች ሁሉ እንደርሱ እንዳያድጉ የሚያግዳቸው ዕጣ ፈንታ አይደለም፤ እኛው ነን።

ቸር ይግጠመን።